ትንሿ ጣቴና የፒያኖው ወፍራም ድምፅ

ይህን የምጽፈው በሆስፒታሉ መድኃኒት የሚያድሉን ነርስ፣ ሲስተር አልማዝ፣ «አንተ ተማሪ ነህ። እዚህ አግዳሚ ላይ ተራ ከሚጠብቁት ብዙዎቹ መጻፍ አይችሉም። የደረሰብህን ጻፈውና ሌላው ሳይዘገይ ይምጣ» ስላሉኝ ነው። የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እስካሁን የጻፍኩት አስተማሪ የሚያርመው ድርሰት ብቻ ስለሆነ፣ የተሳሳትኩት ቢኖር አንባቢ ይታገሠኝ። እንዳልዋሸሁ ግን አረጋግጣለሁ። ውሸት ምን እንዳደረገኝ ዝቅ ብሎ ይነበባል።

ተወልጄ ያደግሁት መካነ ሰላም ነው። አባቴ ሸህ እንድሪስ ቁርአን ያቀራሉ፣ ማለትም ያስተምራሉ። እናታችን እኔ ገና መራመድ ሳልጀምር ስላረፈች፣ ያሳደጉኝ አባቴና በአሥራ ሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ከድጃ ናቸው። እኩዮቿ ልጅ ሲያዝሉ ከድጃ እኔን ታዝል ነበር። ይህን ያስቀደምኩት በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደሴ ተላክሁ። በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ጥግ ላይ አንድ ያረጀ ፒያኖ ነበር፤ ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ሦስት ቁልፎቹ ድምፅ አይሰጡም። አሜሪካዊው የሳይንስ አስተማሪያችን ከትምህርት በኋላ እየተቀመጠ ይጫወትበት ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ ስሰማ ብዙ ቀን ካየኝ በኋላ ጠራኝና አስተማረኝ። የሚጫወታቸው ዜማዎች ጃዝ የሚባለው ሙዚቃ ገና ሲጀመር፣ የእሱ አያት ወጣት በነበሩበት ዘመን፣ ጥቁር አሜሪካውያን የፈጠሯቸው ናቸው። ባንድ የለም፤ አንድ ሰው ብቻውን ባንድ ይሆናል። ግራ እጅ ወደ ታች ይወርድና በትንሿ ጣት አንድ ወፍራም ድምፅ ይመታል፤ ወዲያው ወደ መሐል ዘሎ ሦስት ድምፅ ባንድ ላይ ይይዛል፤ ተመልሶ ይወርዳል። ልክ የበቅሎ ሶምሶማ ነው። ቀኝ እጅ ደግሞ በበቅሎዋ ላይ የተቀመጠ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ወደቀ ሲሉት ቀና ይላል። የክፍሌ ልጆች አዳራሹ አጠገብ ሲያልፉ «ሰይድ ደግሞ በቅሎውን ጫነ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አባቴ አንድ ጊዜ ለጉዳይ ደሴ መጥተው ሲሰሙኝ በጣም ፈራሁ። መቁጠሪያቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «ቀኟን አላውቃትም። ግራዋ ግን ድቤ ናት» አሉኝ። ድቤ በወዳጃ፣ ማለትም ሰው ለዱዓና ለመንዙማ በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ የሚመታው ከበሮ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደስታዬ ሙሉ ሆነ። አስተማሪያችን ወደ አገሩ ሲመለስ ሽፋኑ የተገነጠለ የኖታ መጽሐፉን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጫወት ወፍራሙ ድምፅ ጠፋ። ደግሜ ሞከርኩ፤ የለም። የአዳራሹ ዘበኛ ጋሼ ይመር ወለሉን እየጠረጉ ነበር።

«ጋሼ ይመር፣ ይኸኛውም ቁልፍ ሞተ» አልኳቸው።

መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው መጡና በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ድምፁ አዳራሹን ሞላው።

«ፒያኖውማ ደህና ነው፤ አንተ ነህ ያልመታኸው። ምሳ አልበላህም እንዴ?»

ሳቅሁ። እርሳቸውም ስቀው ወደ መጥረጊያቸው ተመለሱ። እኔ ግን ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳረፈች በዓይኔ አያለሁ፤ አይሰማኝም። ባጠገቤ የተቀመጠ የሌላ ሰው ጣት ትመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርኔ አጠገብ የገረጣ፣ ፀጉር የማያበቅል፣ የማያሳክክ ምልክት አየሁ። አንድ ድሬሰር «ቋቁቻ ነው» ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ቀባሁ፤ አልጠፋም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቄ ስገባ፣ ስታጠና በክርንህ ስለምትደገፍ እጅህ ደንዝዞ ነው ተባልኩና የቫይታሚን መርፌ ተወጋሁ። ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ለአንድ ሳምንት ያህል በክርኔ ሳልደገፍ ሳጠና ሰነበትኩ። ሁለቱም ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ነገር ግን ማንኛቸውም «ዓይንህን ጨፍን፤ የምነካህ ይሰማሃል?» ብለው አልጠየቁኝም። ይህን የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለ ምልክት ቢያይ፣ ሳይጠየቅ ራሱ ይናገር።

እኔ ለምን አልተናገርኩም? ስሙን ስለማውቀው ነው። ልጅ ሆነን በገበያ ቀን መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚለምኑ፣ ጣቶቻቸው ያለቁ ሰዎች ነበሩ። ጥላቸውን እንኳ ላለመርገጥ ዞረን እናልፍ ነበር። እኛ ቤት የበሽታው ስም አይጠራም፤ «ያ ነገር» ይባላል። ያ ነገር ይሆን ብዬ ማሰብ የጀመርኩ ዕለት የፒያኖውን ክዳን ዘጋሁት። ለጓደኞቼ ፈተና ደርሶብኛል አልኳቸው። መጽሐፉን ከሣጥኔ ሥር አደረግሁት። ወፍራሙ ድምፅ አለመምጣቱን በጆሮዬ መስማት አልቻልኩም።

ፈተናውን ጨርሼ ለክረምት ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። አንድ ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ሰው ለወዳጃ ከመሰብሰቡ በፊት፣ አባቴ ድቤውን እንዳሞቅ ሰጡኝ። በዝናብ ጊዜ ቆዳው ይረግባል፤ በእሳት ዳር እያዞሩ ካላሞቁት አይጮህም። እኔ በግራ እጄ ጠርዙን ይዤ በቀኜ አዞራለሁ። ከድጃ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ኧረ በአላህ፣ የሚሸተው ምንድን ነው? ቆዳውን አቃጠልከው!»

«ቆዳው ደህና ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ የድቤው ቆዳ ደህና ነበር። የተቃጠለው የእኔ ነበር። ትንሿ ጣቴ ፍሙ ላይ ነበረች።

አባቴ እጄን ይዘው ወደ ብርሃን አወጡኝ። ቁስሉን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ምንም እንዳላመመኝ ገባቸው። እጅጌዬን ሲሰበስቡ ክርኔ አጠገብ ያለውን የገረጣ ምልክት አገኙት። «አብሽር፣ ልጄ። አብሽር» አሉኝ። ቃሉ አይዞህ፣ ደስ ይበልህ ማለት ነው። እንዲህ ሲያስፈራኝ ግን ሰምቼው አላውቅም።

በዚያው ወር የከድጃ የጋብቻ ነገር ተቆርጦ ነበር። ከወረኢሉ በኩል ደህና ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ፣ ኒካሑ አዝመራ ሲገባ ሊታሰር ተስማምተዋል። በአገራችን ልጅ ከመስጠትና ከመውሰድ በፊት ዘር ይጣራል። ሽማግሌዎች ጎረቤትን፣ ገበያተኛውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ያ ነገር አንድ ሰው ላይ ከታየ በደም ያለ ነው ተብሎ መላው ቤት ይዘጋል። እኔን አዝላ ስታሳድግ ለዘገየችው እህቴ ይህ የመጨረሻ ዕድሏ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አባቴ እጄን በነጠላ ጠቀለሉና አንገቴ ላይ አንጠለጠሉት። «ከበቅሎ ወድቆ ነው በሉ» አሉን። የሰው ጠብ ሁሉ በእርሳቸው ቃል የሚበርድ ሰው ናቸው። ያን ቃል ሲናገሩ ዓይናችንን አላዩም።

ውሸት ግን ብቻውን አይቀመጥም። ከበቅሎ የወደቀ ልጅ ያለ ወጌሻ እንዴት ይተዋል? ጎረቤቶቻችን አዝነው፣ እኛን ሳያማክሩ፣ ከደጋው አያ ወሰኔ የሚባሉ የታወቁ ወጌሻ ይዘው መጡ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ እምቢ ቢሉ ለምን ይባላል። ቤቱ በሰው ሞላ። ሁለት ጎልማሶች ትከሻዬን ያዙኝ። አያ ወሰኔ ቅቤ ቀብተው እጄን ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝና ሰውነቴን አላበኝ። መጮህ አለብኝ። ግን መቼ? ጣቶቼን ሲይዙኝ አይሰማኝም። ስለዚህ ፊታቸውን መጠበቅ ጀመርኩ። መንጋጋቸው ጥብቅ ሲል አየሁና፣

«ወይኔ! ወይኔ እጄን!» ብዬ ጮህኩ።

«አይዞህ፣ አብሽር!» አሉ ሴቶቹ። አንዱ ጎልማሳ፣ «የደሴ ትምህርት አለስልሶታል» ብሎ ሰውን አሳቀ።

አያ ወሰኔ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ ጉሮሮዬን ነው የጠራረግሁ። ገና አልነካሁህም» አሉኝ።

ከዚያ ትንሿን ጣቴን ይዘው ጠመዘዟት። እኔ ዘግይቼ ነው የጮህኩት። ዓይን ለዓይን ተያየን። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ቀና ብለው፣ ለተሰበሰበው ሰው እንዲሰማ፣ «ተሰብሯል! ቀርከሃ አምጡ!» አሉ። ያልተሰበረ እጄን ከክርን እስከ ጣት በቀርከሃ ጠፍረው አሰሩት። ምስጢራችንን ስለጠበቁልን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ቀርከሃውን ያየ ሰው ሁሉ ዱዓ ያደርግልኝ ነበር። ከቀርከሃው በታች ግን ትንሿና አጠገቧ ያለችው ጣቶቼ እየታጠፉ ደረቁ።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ አያ ወሰኔ ብቻቸውን መጡ። ከአባቴ ጋር መደብ ላይ ተቀመጡ። እኔ ደጃፍ ነበርኩ።

«ሸሁ፣ እኔ አጥንት ነው የማውቀው። የልጅዎ አጥንት ደህና ነው። ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም፤ የርስዎም ዱዓ ብቻውን አይበቃውም። አዲስ አበባ የሚያክሙት አሉ። የአክስቴን ልጅ አክመውታል፤ ዛሬ በሬ ጠምዶ ያርሳል።»

«ዐውቃለሁ፣ አያ ወሰኔ። እህቱ ትግባልኝና…»

«ጣት ሠርግ አይጠብቅም፣ ሸሁ።»

ከድጃ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። እንግዳ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋት።

«አባ፣ የወንድሜ እጅ መህሬ አይሆንም። በዚህ ጥሎሽ አላገባም። ይውሰዱት።»

አባቴ በማግስቱ በቅሎ አስጭነው ራሳቸው ወረኢሉ ወደ ወንዱ ቤት ሄዱና እውነቱን ነገሯቸው። እነሱም ምሳ አብልተው፣ ተመራርቀው ሸኟቸው። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት የመጣ ሽማግሌ የለም።

ዩኒቨርሲቲ መግባቴ የታወቀው በዚያው ሰሞን ነው። ደስ ብሎት የጨፈረ አልነበረም። ከአባቴ ጋር በጭነት መኪና ወረኢሉ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ደሴ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ወረድን። ቀርከሃውን መንገድ ላይ ፈትተን ጣልን። እጄን ከኪሴ ሳላወጣ ሁለት ቀን ተጓዝኩ።

ሆስፒታሉ ከከተማው ዳር ነው። ውጭ ረጅም አግዳሚ አለ። ሰዎቹን ሳይ ቆምኩ፤ ጥላቸውን የሸሸሁት ሰዎች ሁሉ እዚያ የተሰበሰቡ መሰለኝ። አባቴ ቀድመው ገብተው ተቀመጡ። እኔም አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጣቶቻቸው ግማሽ ግማሽ ናቸው። ከመዳፋቸው ቆሎ ዘረጉልኝ። እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

«አዲስ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እጅህን ከኪስህ አለማውጣትህ አሳበቀብህ። እኛ አሮጌዎቹ ኪስ አንፈልግም፤ የምንደብቀው አልቋል» ብለው ሳቁ። «ውሰድ እንጂ፣ ቆሎው አይጋባም!»

ወሰድኩ። ለማኘክ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። እኔን ሰው እንዲህ ቢያየኝ ብዬ የፈራሁትን፣ እኔው በሰው ላይ ሳደርገው ነበር። ሽማግሌው ስለገባቸው ወደ ሌላ ዞረው ጊዜ ሰጡኝ።

ሐኪሙ ዓይኔን አስጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ነካካኝ። «ሲሰማህ አዎ በል» አለኝ። አዎ፣ አዎ፣ አዎ አልኩ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ጥጡ የት እንዳለ ሳላውቅ በጨለማ ውስጥ ጠበቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጸጥታ ያስፈራኝ ነገር የለም። ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ ትንሿ ጣቴ ላይ ነበር። ክርኔን ዳሰሰና እንደ ገመድ ያበጠ ነርቭ አሳየኝ፤ ነርቭ ማለት ስሜትን ከጣት ወደ አንጎል የሚያመላልስ ክር ነው አለኝ። ከጆሮዬ ጫፍ ጥቂት ፈሳሽ ወስዶ አስመረመረ። ከዚያ ስሙን ተናገረ፦ ሥጋ ደዌ።

አባቴ «በዘር ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አይደለም፣ አባቴ። ተሐዋስ ነው። በመድኃኒት ይገታል። ቢዘገይም ጊዜው ገና አላለፈም። ግን ይህ የቀርከሃ ምልክት ነው፤ እጁን ያሰረው ማን ነው?»

አባቴ «እኔ ነኝ» አሉ። ስለ አያ ወሰኔ ምንም አላነሱም።

ሐኪሙ ጣቶቼ በሥራ ሊከፈቱ እንደሚችሉ፣ ስሜቱ ግን ሁሉም ላይመለስ እንደሚችል ነገረኝ። መድኃኒቱ ለዓመታት የሚዋጥ ነው። በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ክኒኖቹን በቀለም ጠርሙስ ካርቶን ውስጥ ደበቅኋቸው። ስም ተጠርቶ «ሰይድ፣ ቢሮ ትፈለጋለህ» በተባልኩ ቁጥር ደርሰውብኛል ብዬ ካርቶኑን ወደ ሌላ ቦታ አሸሽ ነበር። ጓደኞቼ ሲተኙ በእስክሪብቶ ጫፍ ጣቶቼን አንድ በአንድ እነካለሁ፤ አራተኛው ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። ትናንት ይሰማ የነበረው ዛሬ ጠፍቶ ይሆን ብዬ ነው።

ሲስተር አልማዝ በየሳምንቱ ዘይት እየቀቡ ጣቶቼን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ያስከፍቱኝ ነበር። «ይህን እጅ ለምን ሥራ ነው የምትፈልገው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ለፒያኖ።»

«እኛ እዚህ ሰው ማንኪያ እንዲይዝ እንለፋለን፣ አንተ ፒያኖ!» ብለው በሳቅ ወደቁ። ቆየት ብለው ግን፣ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ከዚህ የተሻለ የጣት ሥራ የለኝም» አሉ። ሌሎች የሚነኩትን ቁልፍ መንካት እንደምፈራ ነገርኳቸው። ሐኪሙን ጠየቁልኝ፤ ሐኪሙም ንካ አለ። በተማሪዎቹ አዳራሽ ፒያኖ ነበር። በበሩ ብዙ ጊዜ አለፍኩ፤ አልገባሁም። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ሰውን ብቻ አልነበረም። ያ ድምፅ ዳግመኛ ባይመጣስ?

የመጀመሪያው መንፈቅ አልቆ ለዕረፍት ወደ አገር ስሄድ ደሴ አደርኩ። ጠዋት ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ ለራሴም አልነገርኩትም። ጋሼ ይመር የአዳራሹን ደጅ ሊጠርጉ ሲወጡ አገኘኋቸው። ወሬ ከወረኢሉ ደሴ እንደሚደርስ ዐውቃለሁ። ራቅ ብዬ ቆሜ እጅ ነሳሁ።

«ጋሼ ይመር፣ ሰምተው ከሆነ…»

«ሰምቻለሁ» አሉ። መጥረጊያቸውን ጥለው መጡና ቀኜን ሳይሆን ግራዬን ከኪሴ ስበው ያዙት። «ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ትሞቃለች እኮ!» አሉ፣ እንደ ተገረመ ሰው። ከዚያ ከወገባቸው ቁልፉን ፈትተው በሩን ከፈቱልኝና ወጡ።

የኖታ መጽሐፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፈትኩ። መጀመሪያ ቀኝ እጄን ብቻ አስጀመርኩት። ያ ቀልደኛ ሰውዬ አልሞተም፤ እንደ ድሮው ዘግይቶ መጣ፣ ወደቀ ስለው ቀና አለ። ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ከዚያ ግራዬን ጨመርኩ። በቅሎዋ ታነክሳለች። አራተኛው ጣት ሁለት ቁልፍ ባንድ ላይ ይረግጣል፤ ትንሿ ጣት ቀጥ ብላ አትዘረጋም። በጣም ዝግ አድርጌ፣ ሽማግሌ እንደሚራመድ አስኬድኳት። ድሮ በፍጥነት ስጋልብ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ሰማሁ፦ በወፍራሙ ድምፅና በመሐሉ መካከል ትንሽ ባዶ ቦታ አለች፤ ቀኝ እጅ የሚቀልደው እዚያች ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። አባቴም መንዙማ ሲመሩ ድቤው ካረፈ በኋላ ነው ድምፃቸውን የሚያስገቡት። በትከሻዬ፣ በእግሬ፣ በሆዴ ደስ አለኝ። ከአንድ ዓመት በላይ እጄን የማየው ምን ጎደለ ብዬ ለመመርመር ብቻ ነበር። ያን ጠዋት እጄ እንደገና ሥራ ነበራት።

ፍርሃቴ አልሄደም። ከድጃ እስከ ዛሬ አላገባችም፤ በምታስጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ስለ እጄ እንጂ ስለ ራሷ አታነሳም። ክኒኑም ገና ብዙ ይቀረዋል። ትንሿ ጣቴም ቁልፉን ስትነካ እስካሁን አይሰማኝም። ያን ጠዋት ዜማውን ሦስት ጊዜ ተጫውቼ መጨረሻው ላይ ስደርስ፣ ዝቅተኛው ቁልፍ ላይ በሙሉ ክንዴ አሳረፍኳት። ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ግን ጆሮዬ የሚመኘውን ሰምቶ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

«ጋሼ ይመር!» ብዬ ተጣራሁ። «ወፍራሟ ተመታች?»

ከደጅ የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ።

«እዚህ አጥሩ ድረስ ተሰማች! ለምን አቋረጥክ ታዲያ? በእሷ ምት እየጠረግሁ እኮ ነበር።»